«ያልተፈተሸ» የተባለ የሳንቲም ጥቅል ልግዛ ወይ?

የጠያቂው ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። የቆዩ የአሜሪካ ሳንቲሞችን መሰብሰብ ከጀመሩ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸዋል። አሁን አንድ ሻጭ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በማሽን የታጠፉ የአንድ ሴንት ጥቅል አቅርቦላቸዋል። በወረቀቱ ላይ ድሮ የነበረ ባንክ ስም ታትሟል። በአንደኛው ጫፍ ኢንዲያን ሄድ የሚባለው አሮጌ ሳንቲም ፊቱን አውጥቶ ይታያል፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሁለት የስንዴ ዘለላ ያለበት የሊንከን ሳንቲም ጀርባ። ሻጩ «ከአንድ አዛውንት ቤት የተገኘ፣ ተከፍቶ የማያውቅ፣ ያልተፈተሸ» ይላል። ዋጋው 50 ተራ የስንዴ ሳንቲሞች ከሚያወጡት ብዙ እጥፍ ነው። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ ልግዛው ወይ? ከገዛሁትስ ልክፈተው ወይስ እንደታሸገ ላስቀምጠው?

በተጠየቀው ዋጋ አይግዙት። እንዲህ በቁርጥ የምናገረው ሻጩን አጭበርባሪ ለማለት አይደለም፤ እሱም ከሌላ ሰው ይህንኑ ወሬ ሰምቶ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ችግሩ እሽጉ ስለ ውስጡ ምንም የማይመሰክር መሆኑ ነው። ከ50ው ሳንቲም የሚያዩት ሁለቱን፣ እነሱንም በአንድ ወገናቸው ብቻ ነው። የቀሩትን 48 እንዳያዩ የሚከለክልዎት ያው እሽጉ ሆኖ ሳለ፣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቁት ለእሽጉ ነው። ነገሩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ የሩብ ዶላርና የብር ዶላር ጥቅል ሲያጋጥምዎትም ስለሚጠቅምዎት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ያሸገው ማን ነው የሚለውን እንይ። «የባንክ እሽግ» ሲባል ብዙ ጀማሪ ከማምረቻው እንደወጣ ታሽጎ የቆየ ይመስለዋል። አሠራሩ እንደዚያ አልነበረም። የአሜሪካ ሚንት (የመንግሥቱ ሳንቲም ማምረቻ) ለገበያ የሚወጡትን ሳንቲሞች የሚያስረክበው በከረጢት ነበር፤ የአንድ ሴንት ከረጢት 5,000 ሳንቲም ሲይዝ፣ የብር ዶላር ከረጢት 1,000 ይይዝ ነበር። በወረቀት የሚጠቀልሉት ከዚያ በኋላ የተቀበሉት ባንኮችና ገንዘብ ቆጥረው የሚያጓጉዙ ድርጅቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ የሚጠቀልሉት አዲሱን ሳንቲም ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ መልሶ ያስገባውን፣ እጅ ለእጅ ሲዞር የኖረውንም ጭምር ነው። ስለዚህ እሽጉ እውነተኛ የባንክ እሽግ ቢሆን እንኳ፣ ሳንቲሞቹ ወደ ባንኩ ከመግባታቸው በፊት ስንት ሰብሳቢ አይቷቸው እንደመለሳቸው የሚያውቅ የለም።

እውነተኛ ላለመሆኑ ደግሞ መንገዱ ሰፊ ነው። ጫፉን እንደ ጥይት ቀለህ አፍ አጥፎ የሚዘጋው መሣሪያ ዛሬም ይሸጣል፤ «ሾትገን ጥቅል» የሚባለው በዚሁ ቅርጹ ነው። ድሮ ከነበሩ ባንኮች የተረፈ፣ ያልተሠራበት መጠቅለያ ወረቀትም ሰብሳቢዎች ይሸጡታል ይገዙታል። ወረቀቱ ከሰባ ዓመት በፊት የታተመ፣ ጥቅሉ ግን ባለፈው ሳምንት የታሸገ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የባንኩን ስም እያዩ ስለ ሳንቲሞቹ ዕድሜ መደምደም አይቻልም።

አሁን ወደ ጫፎቹ እንምጣ፤ ዋናው ማታለያ ያለው እዚህ ነው። አንድ የሴንት ጥቅል 50 ሳንቲም ሲይዝ፣ ከውጭ የሚታየው የሁለቱ ቦታ ብቻ ነው። በውስጡ አንድ ኢንዲያን ሄድ ብቻ በአጋጣሚ ቢገኝ፣ ያ ሳንቲም ጫፍ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ከ50 ሁለት፣ ማለትም 4 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ አንድ ኢንዲያን ሄድ ከያዙ 25 ጥቅሎች ጫፉ ላይ የሚያሳየው በአማካይ አንዱ ነው። አሁን የሻጩን ሌሎች ዕቃዎች ይመልከቱ። አሥር ጥቅል አሰልፎ አሥሩም ጫፋቸው ላይ ኢንዲያን ሄድ ወይም ሌላ ተፈላጊ ሳንቲም ካሳዩ፣ ይህ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሰው ሳንቲሞቹን መርጦ፣ ጥሩውን ወደ ውጭ አድርጎ ጠቅልሏል ማለት ነው። መርጦ የጠቀለለ ሰው ደግሞ ፈትሿል። «ያልተፈተሸ» የሚለው ቃል እዚያው ላይ ያበቃል።

ሳንቲሙ በየትኛው ወገኑ ወደ ውጭ እንደዞረም ልብ ይበሉ። በሊንከን ሴንት ላይ ዓመተ ምሕረቱም፣ የትኛው ማምረቻ እንደሠራው የሚያሳየው ፊደልም ያሉት በፊት ለፊቱ ነው። ለእርስዎ የታየዎት የስንዴው ዘለላ፣ ማለትም ጀርባው ነው። ከእሱ የሚያውቁት ሳንቲሙ ከ1909 እስከ 1958 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሌላውን በተስፋ እንዲሞሉት ተትቶልዎታል። በሞርጋን የብር ዶላር ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ እዚያ ዓመተ ምሕረቱ ፊት ለፊት፣ የማምረቻው ፊደል ግን ከጀርባ፣ ከንስሩና ከአበባ ጉንጉኑ ሥር ነው። ሻጩ በአንዱ ጫፍ «1893» የሚል ፊት ያሳያል፣ በሌላው ጫፍ «ኤስ» ያለበት ጀርባ። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራው ዶላር ብዛቱ 100,000 ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢው ሁለቱን ጫፎች በሐሳቡ ያገጣጥማቸውና ልቡ ይመታል። እነዚያ ግን ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች ናቸው። 1893 የተጻፈበት ከሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ «ኤስ» ያለበትም በሌላ ዓመት በብዛት ከተሠራው ሊሆን ይችላል። ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ይህን ዓይነቱን አቀራረብ ባየሁ ቁጥር የምናደደው፣ የሚጎዳው ሁልጊዜ ትንሽ ያነበበና ለማወቅ የጓጓ ጀማሪ ስለሆነ ነው።

የጫፉን ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ወይም ጥርት ባለ ፎቶ ሲያዩት የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቆየ የመዳብ ሳንቲም መሐሉ አየር ስለሚያገኘው ይጠቁራል ወይም ቀለም ይቀይራል፤ ወረቀቱ የታጠፈበት ዙሪያው ግን ተሸፍኖ ስለኖረ በሌላ መልክ ይቆያል። በዚህ ምክንያት በሳንቲሙ ላይ ክብ ቀለበት ይሠራል፤ ያ ቀለበት ከወረቀቱ አፍ ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት። ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ወይም የወረቀቱ አፍ ከቀለበቱ ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ከታየ፣ ሳንቲሙ የጠቆረው በሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ የመጣው በኋላ ነው። የታጠፈውን ወረቀትም ይዩት። የቆየ እጥፋት በእጥፋቱ ጫፍ ይሰነጣጠቃል፣ አቧራም በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ አርጅቶ እጥፋቱ ግን ትኩስና ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም ከአሁኑ እጥፋት አጠገብ ሌላ የቀድሞ እጥፋት መስመር ካለ፣ ጥቅሉ ተከፍቶ እንደገና ተዘግቷል። ይህ ምልክት አለመኖሩ ግን ንጹሕነቱን አያረጋግጥም፤ ጎበዝ እጅ ያለው ሰው ምልክት አይተውም።

ሚዛን ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በእርስዎ ጥቅል ላይ ግን የሚረዳው በጥቂቱ ነው። ከ1964 በፊት የተሠራው የአሜሪካ ሩብ ዶላር 90 በመቶ ብር ነው፤ የ1964ቱም እንዲሁ፤ ክብደቱ 6.25 ግራም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ መሐሉ መዳብ የሆነው 5.67 ግራም ነው። የ40 ሳንቲም ጥቅል የመጀመሪያው 250 ግራም፣ ሁለተኛው 226.8 ግራም ይመዝናል፤ ልዩነቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይታወቃል። በ50 ዳይም (የአሥር ሴንት ሳንቲም) ጥቅል 125 እና 113.4 ግራም ነው። የተበላ የብር ሳንቲም ትንሽ ይቀልላል፣ ወረቀቱም ትንሽ ይጨምራል፤ በሩብ ዶላሩ ያለውን ከ20 ግራም በላይ የሆነ ክፍተት ግን ይህ አይሞላውም። ሞርጋን ዶላር አንዱ 26.73 ግራም ስለሆነ 20ው 534.6 ግራም መምጣት አለበት፤ ከዚያ በጉልህ ከራቀ በመሐል ሐሰተኛ ሳንቲም አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ጫፎቹን በእውነተኛ ዶላር አድርጎ መሐሉን በተሠራ ሐሰተኛ መሙላት የታወቀ ማታለያ ነው።

ለሴንት ግን እንዲህ ነው፦ የስንዴው ሳንቲምም፣ ከ1959 ጀምሮ የመጣው የሊንከን መታሰቢያ ሕንጻ ያለበትም፣ ከ1943ቱ የብረት ሴንት በቀር፣ እስከ 1982 ድረስ 3.11 ግራም ናቸው። መሐሉ በሙሉ የ1970ዎቹ ሴንት ቢሆን ሚዛኑ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው በ1982 መሠራት የጀመረውን ከዚንክ የተሠራ 2.5 ግራም ሳንቲም ነው፤ ጥቅሉ ከ155.5 ወደ 125 ግራም ይወርዳል። ከ1942 እስከ 1945 የተሠራውና 35 በመቶ ብር ያለበት የጦርነት ዘመን ኒኬልም (የአምስት ሴንት ሳንቲም) ከተራው ጋር እኩል 5 ግራም ስለሆነ በሚዛን አይለይም። ጥቅሉ በወረቀት ሳይሆን በሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ የብሩ ሳንቲም ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፣ የኋለኛው የመዳብ መስመር ያሳያል። ሻጩን ክብደቱን በግራም እንዲነግርዎት ይጠይቁት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ እምቢ የሚልበት ጥሩ ምክንያት አይታየኝም።

ውስጡ በእውነት ያልተፈተሸ ነው ብለን እንቀበል። ምን ሊገኝ ይችላል? አሜሪካውያን ቀዳዳ ባለው የካርቶን ሰሌዳ ላይ ሴንት በዓመት በዓመቱ እየለዩ መሙላት የጀመሩት በ1930ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ሽማግሌው የስንዴ ሳንቲም ሲፈትሽ ኖሯል። ሁሉም የሚፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው፦ ቪ.ዲ.ቢ. የሚል የቀራጩ ስም ምሕጻር ያለበት የ1909 ኤስ፣ ብዛቱ 484,000፤ የ1914 ዲ (ዴንቨር የተሠራው)፣ ወደ 1.2 ሚሊዮን፤ የ1931 ኤስ፣ 866,000። ሌሎቹ የስንዴ ሳንቲሞች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚያ መካከል በዘፈቀደ ከተነሳ የ50 ሳንቲም ጥቅል አንዱን ብርቅ ሳንቲም ማግኘት ማንም ሳይፈትሽ ቢቀር እንኳ እጅግ ጠባብ ዕድል ነው፤ ለዘጠና ዓመት ያህል ከተፈተሸ በኋላማ ይበልጥ ይጠባል። የተጠየቁት ተጨማሪ ዋጋ የሚከፈለው ለዚህ ዕድል ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ አደጋ አለ፦ የሳንቲሙ ጤና። «ያልተዘዋወረ፣ እንደ አዲስ» የተባለ ጥቅል ሲከፈት የሚያሳዝን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መዳብ እርጥበትን አይወድም፤ በወረቀት ውስጥ ሲኖር ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ ነጥቡም ከሳንቲሙ ላይ አይለቅም። የዚንኩ ሴንት ከላይ የተለበጠችው ስስ መዳብ ከተሰነጠቀች ውስጡ ይበሰብስና ገጹ ያብጣል፤ የ1980ዎቹ ጥቅሎች ውስጥ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ፒቪሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ከጊዜ ብዛት አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣና ብረቱን ይበላል። ከዚህ ሌላ ሳንቲሞቹ ፊትና ጀርባ ተደራርበው ስለሚፋተጉ ከፍ ያለው ቦታቸው ይፋቃል፤ በብር ዶላር ላይ የተቀረጸችው ሴት ጉንጭ መጀመሪያ የሚጎዳው በዚህ ነው። መቁጠሪያ ማሽኑ ውስጥ ያለው ጎማም አንዳንዴ በሳንቲሙ ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ጥሎ ይሄዳል። የደረጃ መለኪያው ላልተዘዋወሩ ሳንቲሞች ከ60 እስከ 70 ይሄዳል፤ በ63ና በ66 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአንዳንድ ሳንቲም ብዙ እጥፍ ነው። በእሽግ ውስጥ ያለን ሳንቲም 63 ይሁን 66 ማንም ሊነግርዎት አይችልም፤ ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶችም ሳንቲሙን አንድ በአንድ ሳያዩ ቁጥር አይሰጡም።

ስለ አዳዲስ ጥቅሎችም ጥቂት ልበል፤ ከጥያቄዎ ትንሽ ቢርቅም ቀጥሎ የሚያጋጥምዎት እሱ ነው። ሚንት ራሱ ጠቅልሎ የሚሸጣቸው፣ የየክፍለ ግዛቱ ሩብ ዶላር ከ1999 እስከ 2008 እንደወጣው ያሉት፣ ምንጫቸው ይታወቃል፤ በዩሮ አገሮችም 25 የ2 ዩሮ መታሰቢያ ሳንቲሞች የያዘ ጥቅል አለ። እዚህ ላይ ውስጡ ተቀይሯል የሚለው ሥጋት ይቀንሳል። የሚተካው ሥጋት የብዛት ነው። በ1950 ዴንቨር የተሠራው ኒኬል 2.63 ሚሊዮን ብቻ እንደሆነ ሲሰማ ሰው ሁሉ ጥቅሉን እያነሳ ደበቀ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋጋው ሽቅብ ሄደና አንድ የ40 ሳንቲም ጥቅል ከ1,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ከ1964 በኋላ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሳንቲሙ ጥቂት ቢሠራም ያልተነካው በየመሳቢያው ነበር። የክፍለ ግዛት ሩብ ዶላሩንም እንዲሁ ሁሉም ስላስቀመጠው፣ አብዛኛው ጥቅል እስካሁን ከተጻፈበት 10 ዶላር ብዙም አልራቀም። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ፣ «ለተወሰኑ ቀናት ብቻ» እየተባለ በእጥፍ ሲሸጥ ቢያዩ ይለፉት።

ከአዲስ ጥቅል ውስጥ ብርቅ ስሕተት መገኘቱ እውነት ነው፤ አልክድም። በ2004 ዴንቨር በተሠራው የዊስኮንሲን ሩብ ዶላር በቆሎው ላይ ትርፍ ቅጠል ያለባቸው ተገኝተዋል፤ በ2007 የወጣው የጆርጅ ዋሽንግተን ዶላርም ጠርዙ ላይ መጻፍ የነበረበት ጽሑፍ ያመለጣቸው ብዙ ነበሩ። ያገኟቸው ግን በተጻፈበት ዋጋ ከባንክ ወስደው፣ ከፍተው፣ ፈትሸው፣ የማያስፈልገውን መልሰው ለባንክ ያስገቡ ሰዎች ናቸው። ያ መንገድ ለማንም ክፍት ነው፤ ኪሳራውም የጊዜ ብቻ ነው። ፍለጋውን ከወደዱት እንደነሱ ያድርጉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ የታሸገ ጥቅል ገዢውን የሚያስገባው አጣብቂኝ እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ካልከፈቱት ምን እንደገዙ አያውቁም። ከከፈቱት ደግሞ ሻጩ «እሽጉን ሰብረሃል» ብሎ አይመልስልዎትም፤ ለእሽጉ የከፈሉትም ገንዘብ በዚያው ይቀራል። እኔ የማምነው መክፈትን ነው። ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ጥቅል እንደታሸገ አስቀምጦ በኋላ «ያልተፈተሸ» ብሎ ለሌላ መሸጥ፣ እርስዎ ራስዎ ያላረጋገጡትን ነገር በቃልዎ ማስረከብ ነው፤ ያንን አይምረጡ። ከሚንት በቀጥታ የገዙትንና ደረሰኙ በእጅዎ ያለውን ግን እንዳለ ማቆየት ይችላሉ፤ እዚያ እሽጉ በእውነት የሆነ ዋጋ አለው።

ሲከፍቱ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከፖስታው አድራሻ ጀምሮ፣ ሚዛኑን፣ ሁለቱን ጫፎች፣ ከዚያም መክፈቱን ሳያቋርጡ በአንድ ቀረጻ። ክርክር ቢነሳ የከፈሉበት ድርጅት የሚያየው ይህንን ነው። ወረቀቱን በቢላ አይቅደዱት፤ ቢላው የዳሩን ሳንቲም ይጭረዋል። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈው እጥፋቱን በጣትዎ ቀስ ብለው ይፍቱ፣ ሳንቲሞቹን በጠርዛቸው ብቻ ይያዙ፣ ከወጡም በኋላ አይጠቡ፣ አይወልውሉ።

ይህን ጥቅል የሚጠቅም የሚያደርገው አንድ መንገድ ቀርቷል። ለሻጩ ይጻፉለትና ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ክብደቱን በግራም፤ የሁለቱንም ጫፍ ጥርት ያለ ፎቶ፤ ከከፈትኩት በኋላ ሳንቲሞቹ በመግለጫው እንደተባለው ካልሆኑ ገንዘቤን ትመልሳለህ ወይ የሚለውን፣ መልሱንም በጽሑፍ። ሦስተኛውን እምቢ ካለ ንግግሩን ያቁሙ። ከተስማማ ደግሞ የሚያቀርቡለት ዋጋ 49 ተራ የስንዴ ሳንቲምና አንድ የተበላ ኢንዲያን ሄድ በግልጽ ተዘርግተው ቢሸጡ ከሚያወጡት አይለፍ፤ ሻጩ በዚያ አልሸጥም ካለ፣ ለጥቅሉ የመደቡትን ገንዘብ ሁለቱም ወገኑ የሚታይ አንድ ጥሩ ሳንቲም ይግዙበት።